የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ታይታኒክ በሳፋ ውስጥ

ጥያቄ፦ የ9 ዓመቱ ልጄ የታይታኒክን ፊልም ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። «ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ እያላት ለምን ሰጠመች?» እያለ ያደርቀኛል። በ1997ቱ ፊልም ለሁለት ትሰበራለች፤ በ1958ቱ ጥቁርና ነጭ ፊልም ደግሞ ሳትሰበር ትሰጥማለች። የቱን ልመንለት? ቤት ውስጥ ሠርቼ የማሳየውስ ነገር አለ?
እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ግድግዳውስ ነበራት፤ ቁመቱ ነው ያነሰው። የመርከቧ ሆድ በ15 የብረት ግድግዳዎች ለ16 ተከፍሏል። የፊተኞቹ 4 ክፍሎች ውሃ ቢሞሉም ትንሳፈፍ ነበር። እ.ኤ.አ. አፕሪል 14 ቀን 1912 ከሌሊቱ 5፡40 ላይ ግን የበረዶው ተራራ 6 ክፍሎችን ከፈተ። አፍንጫዋ ሲያዘቀዝቅ ውሃው በግድግዳው አናት ላይ እየተሻገረ ቀጣዩን ክፍል ሞላ፤ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሰጠመች። ጎኗ እንዳለ ተቀደደ የሚባለው ትክክል አይደለም። መሐንዲሱ ኤድዋርድ ዋይልዲንግ በዚያው ዓመት እንዳሰላው፣ ክፍተቱ ሁሉ ቢደመር ከ1 ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ይህን በሳፋ ማሳየት ይቻላል። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 10፣ ቁመቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ይፈልጉ። ከአሮጌ ጀሪካን ቁመታቸው 6.5 የሆነ 5 ግድግዳዎች ቆርጠው በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በሲሊኮን ያጣብቁ። የሚጣበቀውን ጠርዝ አስቀድመው በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ሲሊኮን ቶሎ ይላጣል። ሰም አይሞክሩ፣ ዕቃው ትንሽ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ከዚያ አንዱን ክፍል ውሃ ሞልተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ወደ ጎረቤት ክፍል ካለፈ እንደገና ይለጥፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክብደቱ ላይ ነው። ባዶ ፕላስቲክ ቢበሳም አይሰጥምም። በእያንዳንዱ ክፍል 100 ግራም ጠጠር ያድርጉና ዕቃው 3 ሳንቲ ሜትር እስኪጠልቅ እኩል እኩል ይጨምሩ። ወደ አንድ ጫፍ ካደላ ገና ሳይበሳ ያዘቀዝቃል። በፊተኞቹ ሁለት ክፍሎች ጎን፣ ከግርጌ፣ በጋለ ምስማር 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ (ይህን ልጁ አይሥራው) እና በማስቲካ ይድፈኑ። መጀመሪያ የፊተኛውን ብቻ ይክፈቱ፤ አፍንጫው ይወርዳል እንጂ አይሰጥምም። ሁለተኛውን ሲጨምሩ ውሃው ግድግዳውን ሲሻገር በዓይኑ ያያል።

ፊልሞቹን በተመለከተ፣ የ1958ቱ አልዋሸም፤ የዘመኑን እምነት ነው የያዘው። ከተረፉት አንዳንዶቹ ስትሰበር አይተናል ቢሉም፣ በ1912 የእንግሊዝ አጣሪ ጉባኤ ሙሉዋን ሰጠመች ብሎ ደመደመ። በ1985 ስብርባሪዋ 3,800 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሲገኝ ፊቷና ኋላዋ በ600 ሜትር ያህል ተራርቀው ነበር። የ1997ቱ ፊልምም የራሱ ብልሃት አለው። ለቀረጻ የተሠራችው መርከብ የቀኝ ጎኗ ብቻ ነበር፤ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ላይ ግን በግራዋ ነው መታየት ያለባት። ስለዚህ ምስሉ እንደ መስታወት ተገለበጠ፤ ጽሑፉ ተነባቢ እንዲሆን ደግሞ ልብስና ሻንጣ ላይ ያለው ሁሉ ገልብጦ ተጻፈ። ልጁ ያንን ክፍል መልሶ ሲያይ መርማሪ ይሁን።