ስድስት ድሮኖችን በአንድ ጊዜ ለአንበጣ ቅኝት ማሰማራት፦ ለጠያቂው

ጤና ይስጥልኝ። አንበጣ ያረፈበትን ሰፊ ቆላ ለመቃኘት ስድስት ድሮኖችን ከአንድ ኮምፒውተር ማሰማራት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ እኔም በጥር 2013 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ሞክሬው ሁለቱን ሰብሬአለሁ። ስለ ካሜራ ምርጫ ሌሎች ይንገሩዎት።

1. የበረራ ፈቃድ ማመልከቻዎ ላይ «የድሮን መንጋ» ብለው አይጻፉ። እኔ ብጽፍ ወረቀቱን የተቀበሉኝ ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳይሉ «የምን መንጋ? የከብት?» አሉኝ። ቅጹ ለአንድ ድሮን የተዘጋጀ በመሆኑ ስድስት ጊዜ ሞላሁ፤ በአራተኛው ላይ አንድ አኃዝ በመሳቴም ስድስቱም ተመለሱብኝ። አንበጣ ነፋስ ከተመቸው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ፈቃዱ እጄ ሲገባ ባመለከትኩበት ቀበሌ አንድም አልቀረም ነበር። እርስዎ ለወረዳው በሙሉ ያመልክቱ።

2. የእያንዳንዱን ድሮን የበረራ ከፍታ ይለያዩ። ገንዘቤ የቀለጠው እዚህ ላይ ነው። አንበጣ ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ አድሮ ፀሐይ እስክታሞቀው ስለማይነሣ ሥራው የማለዳ ነው። ሜዳውን ስድስት ቦታ ከፍዬ ሁሉንም 80 ሜትር ላይ ላክኋቸው። በሴኮንድ 12 ሜትር እየበረሩ፣ በ100 ሜትር ልዩነት ሲመላለሱ፣ እያንዳንዳቸው በ20 ደቂቃ ወደ አንድ ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናሉ፤ በእግር ቢሆን ስንት ቀን! ግራሮቹ ገና ያልጎለመሰ አንበጣ ለብሰው ሮዝ መስለው ሲታዩኝ፣ ረዳቴን ጠርቼ እያሳየሁት ሳለ የላፕቶፑ ስክሪን ጠፋ። ኃይል ለመቆጠብ እንዲተኛ የተደረገ መሆኑን ረስቼው ኖሮአል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ስድስቱም እንደታዘዙት በአንድ ደቂቃ፣ በአንድ ከፍታ፣ ሁለት እርምጃ ብቻ ወደሚራራቁት መነሻዎቻቸው ተመለሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አናታችን ላይ ተጋጩ፤ ስብርባሪው ሻይ በያዘው ፔርሙዛችን ላይ ዘነበ።

እኔ መንጋ ያልኩት መንጋ አልነበረም። እውነተኛው መንጋ እያንዳንዱ ድሮን ያለበትን ለሌሎቹ እየነገረ በራሱ ይሸሻል፤ የእኔዎቹ ግን አንዱ የሌላውን መኖር አያውቁም፣ የሚያውቀው የተኛው ላፕቶፕ ብቻ ነበር። እርስ በርስ የሚነጋገር ለመግዛት አቅም ከሌለዎት ከ60 እስከ 110 ሜትር ድረስ በየ10 ሜትሩ ይደርድሯቸው፣ መነሻቸውን ቢያንስ 20 ሜትር ያራርቁ፣ በየሁለት ደቂቃው ያስነሡ፣ ላፕቶፑ እንዳይተኛም አስቀድመው ያስተካክሉ። የአርዱፓይለት (ድሮኑን ከውስጥ ሆኖ የሚያበርረው ነፃ ሶፍትዌር) ተጠቃሚ ከሆኑ ሁሉም መለያ ቁጥራቸው 1 ሆኖ ስለሚመጣ መቀየርዎን አይርሱ። በቀሩኝ አራት ድሮኖች ከዚያ በኋላ ወቅቱን ሙሉ ስሠራ ክንፍ ለክንፍ የተነካካ የለም፤ ይህን በኩራት እናገራለሁ።

ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ የድሮን ድምፅ ለገበሬው ሌላ ትርጉም አለው። በዋዜማው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደው ያሳዩ። ባለፈው ዓመት በሄድንበት መንደር ልጆቹ ከየቤቱ የወጡት፣ አንድ አዛውንት ድሮኑን እንደ ዶሮ አገላብጠው መዝነው «ይኼማ ምንም አልያዘም» ካሉ በኋላ ነበር።