የዛገ ታንከር፦ ጥያቄና መልስ

ከመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ዛገ የብረት ታንከር ናቸው፤ በአንድ ላይ ልመልሳቸው።

አንድ አንባቢ ታንከራቸውን ባስቀቡ በዓመቱ ቀለሙ ተላጠባቸው። የቀለሙን ጥራት ጠርጥረዋል። እኔ የምጠረጥረው ከሥር የቀረውን ዝገት ነው። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከታች እየገፋ ያነሳዋል። በሽቦ ብሩሽ ወይም በግራይንደር በደንብ ያስፍቁት፤ ቅባትና አቧራውን ያስጠርጉ፤ ፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው የመጀመሪያ ንብር) በዚያው ቀን ይቀባ። የተፋቀ ብረት ካደረ መልሶ ይዝጋል።

«ጤዛ ሳይደርቅ መቀባት ይቻላል?» አይቻልም።

«የታችኛው ላሜራ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ተበስቷል፤ በማጣበቂያ ልድፈነው?» ለጥቂት ጊዜ ይይዝልዎት ይሆናል። ግን አንድ ቦታ ከተበሳ ዙሪያውም ሳስቷል ማለት ነው። ውፍረቱን ያስለኩና የሳሳውን አስቆርጠው ያስቀይሩ።

አሁን ወዳስደነገጠኝ ደብዳቤ ልምጣ። ጸሐፊው ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ የውሃ ታንከር ውስጥ ብቻቸውን ገብተው ዝገቱን ሊፍቁ ነው። «የአቧራ ማስክ አለኝ» ይላሉ። እባክዎ አይግቡ! ብረት ሲዝግ ኦክስጅን ይወስዳል። በተዘጋ ታንከር ውስጥ ደግሞ የተወሰደው አይተካም። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በመቶ ከወረደ አደገኛ ነው። ማስኩ አቧራ ያስቀራል እንጂ ኦክስጅን አይጨምርም። የኦክስጅን ማነስ ሽታ የለው፣ የመታፈን ስሜት የለው፤ ሰው ሳያስበው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሊያወጣው ተሯሩጦ የገባውም አብሮት ይቀራል። ብዙ ቤተሰብና ብዙ የሥራ ባልደረባ ያለቀው እንዲህ ነው። ቀለምና ቲነር ሲጨመሩበት ደግሞ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ አንዲት የእሳት ብልጭታ ትበቃዋለች። ይህን ሥራ የጋዝ መለኪያ፣ አየር የሚያስገባ ማራገቢያ፣ የደህንነት ቀበቶና ገመድ ላላቸው ባለሙያዎች ይስጡ። ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ሰውም የግድ ነው። መለኪያ ሳይዝ «ችግር የለውም» የሚል ባለሙያ ከመጣም ይመልሱት።

«ባዶ የናፍጣ ታንከር መበየድ ይቻላል?» ሳይታጠብ፣ ትነቱ ሳይወጣና ሳይለካ በፍጹም! የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሊፈነዳ ይችላል። ይህም የባለሙያ ሥራ ነው።

የመጠጥ ውሃ ታንከር ውስጡ በምን ይቀባ ላሉት፦ ለመጠጥ ውሃ ተብሎ በተረጋገጠ ኢፖክሲ (ደርቆ የሚጠነክር የቀለም ዓይነት)። ጣሳው ላይ የተጻፈው የማድረቂያ ጊዜ ሳያልቅ ውሃ እንዳይሞሉበት።

የውጪው ቀለም ነጭ ወይስ ጥቁር? ነጭ፤ ውሃው ብዙ አይሞቅም።