ከቦሌ ኤርፖርት ወደ ቢሾፍቱና አዳማ በሚኒባስ ተካፍሎ መሄድ፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከክፍያ መንገዱ መግቢያ ብዙም ሳልርቅ። መጀመሪያ ረዳት ነበርኩ። ከዚያ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ሚኒባስ ያዝኩ። አሁን ሥራዬ በአብዛኛው ከቦሌ ሰው ተቀብዬ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ ማድረስ ነው። ሰሞኑን «ሚኒባስ ተካፍለን እንዴት እንሂድ» የሚል ጥያቄ ስለበዛ ሁሉንም እዚሁ እመልሳለሁ። ዋጋ ግን አልጽፍም። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ሂሳቡ ይቀየራል፣ የዛሬውን ብነግራችሁ በወሩ ከሹፌር ጋር ያጣላችኋል።

ጥያቄ፦ ከኤርፖርቱ በር ላይ «አዳማ፣ አዳማ» እያለ የሚጭን ሚኒባስ የለም እንዴ?

መልስ፦ የለም ወንድሜ። የቢሾፍቱና የአዳማ መናኸሪያ ቃሊቲ ነው። ቦሌ ላይ የምታገኘው ቢጫ ታክሲ፣ እንደ ራይድና ፈረስ ያለ በስልክ የሚጠራ መኪና፣ ወይም አስቀድመህ የተነጋገርከው ሚኒባስ ነው። ቀን ከገባህ፣ ብቻህን ከሆንክና ሻንጣህ አንድ ከሆነ፣ ታክሲ ይዘህ ቃሊቲ መናኸሪያ ውረድና እንደማንኛውም ሰው ተሳፈር። ከዚያ የሚረክስ የለም። ሌሊት ከገባህ፣ ዕቃ ካለህ ወይም እናትህን ይዘህ ከሆነ ግን ከሌሎች ጋር ተካፍለህ ኮንትራት መያዙ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ሹፌሩ የጠራልን ዋጋ በጣም የበዛ መሰለን። ሂሳቡ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ እንዲህ አስቡት። እናንተ የምትሄዱት አንድ መንገድ ነው፣ እሱ የሚቀዳው ነዳጅ ግን የደርሶ መልስ ነው። በዚያ ላይ የክፍያ መንገዱ አለ፣ የኤርፖርት መኪና ማቆሚያ አለ፣ ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት አለ። ለማመዛዘን የመናኸሪያውን የአንድ ሰው ታሪፍ ጠይቁና በመኪናው ወንበር ቁጥር አባዙት። ያ የአንድ ጉዞ ገቢው ነው። ከዚያ በታች የሚሄድ ሹፌር አታገኙም፣ ከእጥፉ በላይ የሚጠራ ደግሞ ሌሊትና ድካማችሁን አይቶ ነው። አንድ የምነግራችሁ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አይጠይቀውም፦ «ወደ ቦሌ የምታመጣው ሰው አለህ?» በሉት። ከአዳማ ተሳፋሪ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ግማሽ መንገዱ ተከፍሎለታል፣ ያኔ በደንብ ይቀንሳል። እኔ ራሴ የምቀንሰው ያኔ ነው።

ስትካፈሉ ደግሞ ቢሾፍቱ የሚወርደውንና አዳማ የሚደርሰውን እኩል አታስከፍሉ። ቢሾፍቱ ከመንገዱ ግማሽ አይሞላም። በዚህ ምክንያት ቤተ ዘመድ ሲኳረፍ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰባት ሰዎች ነን፣ ከአሜሪካ ነው የምንመጣው። ሚኒባስ 11 ሰው ይይዛል ተባልን፣ ይበቃናል አይደል?

መልስ፦ ሰው ይይዛል፣ ሻንጣችሁን አይይዝም። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው በአብዛኛው 23 ኪሎ የሚሆን ሁለት ሻንጣ አለው። ለሰባት ሰው 14 ሻንጣ ማለት ነው፣ የእጅ ቦርሳው ሳይቆጠር። የሚኒባስ የኋላ ወንበር ሰው ከተቀመጠበት ከጀርባው ያለው ክፍተት ካርቶን እንኳን አያስገባም። ስለዚህ የኋላው ወንበር ይታጠፋል፣ ሻንጣ እዚያ ይደረደራል፣ የቀረው ጣሪያ ላይ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን በምቾት የሚሄደው አምስት ወይም ስድስት ሰው ነው። ለሰባታችሁ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ብረት ያለው መኪና ፈልጉ። ሹፌሩንም ሸራና ገመድ እንዳለው ጠይቁት፣ በተለይ በክረምት። ሲያስር አጠገቡ ቁሙ። ገመዱ ከላይ ብቻ ካለፈ ሻንጣው ይንሸራተታል። በእያንዳንዱ ሻንጣ እጀታ ውስጥ አልፎ ነው ብረቱ ላይ መታሰር ያለበት።

ሌላው ደግሞ ተቀባይ ነው። እናንተ ሰባት ናችሁ፣ አበባ ይዘው የሚመጡት ዘመዶቻችሁስ? «እዚያው መኪና ላይ እንመለሳለን» ብለው ስድስት ሰው ሆነው የመጡበት ሌሊት አጋጥሞኛል። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፣ እልል እያሉ ነው፣ ማን ይውረድ ትላለህ? ቤተሰብ በሁለት ሰው ይወከል፣ ሌላው ቤት ቡና አፍልቶ ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ ቲኬቴ 01:15 ይላል፣ ማክሰኞ። ለሹፌሩ «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ከሩብ» ብዬዋለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ አሁኑኑ ደውልለት! በዚህ ሥራ ላይ ትልቁ መከራ ይሄ ነው፣ ትንሽ ላብራራው። ሰዓቱን በትክክል ቀይረኸዋል፣ 01:15 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ነው። ቀኑ ነው የተሳሳተው። በቲኬት አቆጣጠር ማክሰኞ የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት፣ በእኛ 6 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ ልማድ ግን «ማክሰኞ ሌሊት» ሲባል ማክሰኞ ውሎ፣ መሽቶ፣ ከዚያ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሹፌርህ አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቶ ይመጣል። «ከሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» በለው። እንዲህ ካልከው የሚሳሳት ሹፌር የለም።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ እናት ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ሊገቡ «ቅዳሜ ሌሊት» ተባልኩ፣ እኔም ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። እሳቸው የገቡት ለቅዳሜ አጥቢያ ነበር። ስልኬን ዘግቼ ተኝቼ ነበር። ሲነጋ ስደርስ ልጆቹ ሻንጣ ላይ ተኝተው፣ ነጠላቸውን አልብሰዋቸው፣ እሳቸው ብርድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ «አጥቢያ» ሳይባል ሥራ አልቀበልም።

ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ከውጭ ያለው ሰው «14» ሲል የፈረንጁን ነው፣ እዚህ ያለው ቤተሰብ የሚሰማው የእኛን 14 ነው።

ጥያቄ፦ አውሮፕላኑ ካረፈ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ነው ሰው የሚወጣው?

መልስ፦ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አስቡ። ፓስፖርት አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ፍተሻ አለ። ጠዋት ላይ ብዙ አውሮፕላን ተከታትሎ ስለሚገባ ሰልፉ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ነው የተካፈልኩት። የአንዱ በረራ ቢዘገይ ሁላችንም ቁጭ ብለን እንጠብቃለን?

መልስ፦ ተካፍሎ መሄድ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የአንዱ መዘግየት የሁሉም መዘግየት ነው። ስለዚህ ንግግሩ ማለቅ ያለበት ማንም አውሮፕላን ላይ ሳይወጣ ነው፣ ሻንጣ ይዞ ደክሞት የቆመ ሰው በሰላም አይደራደርም። እኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ተራርቀው የሚያርፉ ሰዎችን አንድ መኪና ላይ አላገናኝም። ቢዘገይ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ ቀድሞ ይነገራል። ሰዓቱ ካለፈ መኪናው ይሄዳል፣ የዘገየው ሰው የሌላ ሹፌር ስልክ ይሰጠዋል። የቀረው ሰው ድርሻ ማን ላይ እንደሚወድቅም አብሮ ይወሰን። ለዚህ ነው ከሁሉም ትንሽ ቀብድ የምቀበለው። ቀብድ የሰጠ ሰው ቢቀር እንኳን ሌሎቹ ላይ የሚጨመረው አይከብድም።

«ከዱባይ ነው የምመጣው» ብቻ አይበቃም፣ ከዱባይ በቀን ከአንድ በላይ በረራ ይገባል። የበረራ ቁጥሩን ስጡ። ለእኔ የሚላክልኝ መልእክት እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ «ከሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ 8 ሰዓት ከ20 የሚያርፍ፣ ከጂዳ፣ የበረራ ቁጥሩ ይኸውና፣ አንድ ሰው፣ ሦስት ሻንጣ፣ ቢሾፍቱ ትወርዳለች፣ ዋጋ በተነጋገርነው፣ እስከ 11 ሰዓት ይጠበቃል።» አንድ መልእክት ናት፣ ስንት ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአራት ዓመት በኋላ ከዓረብ አገር ብቻዋን ትመጣለች፣ በሌሊት። እኛ አዳማ ነን፣ መምጣት አንችልም። ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ስጋትሽ ይገባኛል እህቴ። ስንት ዓመት የለፉበትን ይዘው የሚገቡ ልጆች ናቸው፣ በር ላይ የሚያዋክባቸው ሰው ደግሞ አይጠፋም። መጀመሪያ፣ የሹፌሩን ስም፣ ስልክና የታርጋ ቁጥር በወረቀት ላይ እንድትጽፈው ንገሪያት። ስልኳ ላይ ብቻ አይሁን፣ ባትሪ ያልቃል። የድሮ ሲም ካርዷም ሊዘጋ ይችላል፣ ስለዚህ ከመውጣቷ በፊት ተርሚናሉ ውስጥ አዲስ ታውጣ፣ ካልሆነም በዋይፋይ ትደውልልሽ። ሁለተኛ፣ የመጣው ሰው «አንቺ እገሊት ነሽ?» ብሎ ስሟን ራሱ ይጥራ፣ እሷ ቀድማ አትንገረው። አንድ ምልክት ስጪው፣ ለምሳሌ የእናታችሁን ስም። ያንን ካላወቀ አብራው አትሂድ። ሦስተኛ፣ ሻንጣዋን በጋሪ ራሷ ትግፋ። «ልያዝልሽ» ብሎ ነጥቆ መጨረሻ ላይ ዶላር የሚጠይቅ አለ።

እንዲህ ዓይነት መንገደኛ ሲኖረኝ ሌላ ሴት ወይም ቤተሰብ ያለበት መኪና ላይ ነው የማደርጋት። አንቺም ሹፌሩን «አብሯት ማን ይሄዳል?» ብለሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም። ሲነሱ ይደውልልሽ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ይደውልልሽ። እሺ የማይል ሹፌር ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ሹፌሩ ተርሚናሉ ውስጥ ስሜን ጽፎ ይቆማል?

መልስ፦ ተቀባይ የሚጠብቀው ከተርሚናሉ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ነው። ከበሩ ወጥታችሁ ሰዉ ወደተሰበሰበበት ውረዱ። ስትደውሉ «በሩ ጋ ነኝ» አትበሉ፣ በሩ ጋ ሁሉም ሰው ነው ያለው። የለበሳችሁትንና አጠገባችሁ ያለውን ነገር ንገሩት።

ጥያቄ፦ በአሮጌው መንገድ ይሻላል ወይስ በክፍያው?

መልስ፦ አዳማ ከሆናችሁ በክፍያው፣ ጥያቄም የለው። ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ድረስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር አለው፣ እግረኛና ባጃጅ አይገባበትም። ሲገቡ ትኬት ይወሰዳል፣ ሲወጡ በርቀቱ ይከፈላል። ክፍያውን ማን እንደሚችል አስቀድሞ ተነጋገሩ። የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 120 ነው፣ ግን ጣሪያው ላይ ሻንጣ የተከመረበት ሚኒባስ በዚህ ፍጥነት መሄድ የለበትም። ሹፌሩ ከፈጠነ «ቀስ በል» በሉት፣ አትፈሩ፣ ነፍስ ነው የጫነው። ገላን ወይም ዱከም የሚወርድ ካለ አሮጌውን ይዛችሁ ከከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፋችሁ ነው የምትሄዱት። ስለዚህ የገላንና የዱከም ሰው ከአዳማ ሰው ጋር ባይካፈል ይሻላል።

ጥያቄ፦ በባቡርስ?

መልስ፦ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ ለቡ በኩል ነው፣ ከቦሌ ርቆ። በበረራ ሰዓትም አይነሳም። ለኤርፖርት መንገደኛ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከአዳማ ወደ ቦሌ ነው የምሄደው። በረራዬ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት ልነሳ?

መልስ፦ ከበረራው ሦስት ሰዓት በፊት፣ ማለትም 2 ሰዓት ላይ ቦሌ ድረስ። ክፍያ መንገዱ ላይ አትዘገይም፣ የምትዘገየው ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ፣ አቃቂና ቃሊቲ ላይ፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከአዳማ 10 ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ 11 ሰዓት ላይ ተነስ። ከሌሎች ጋር ከተካፈልክ ሹፌሩ በየቤቱ እየዞረ ሲለቅም ጊዜ ይበላል፣ ሁላችሁም አንድ ቦታ ተሰብሰቡ። ቀኑንም እይ። የእሬቻ ሰሞን ሆራ አርሰዲ ላይ ሰው ሲሰበሰብ የቢሾፍቱ መንገድ ይጨናነቃል፣ የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር ደግሞ ቦሌ መንገድ በእጀባ ይዘጋጋል። እንዲህ ባለ ቀን አንድ ሰዓት ጨምር። መታወቂያህንም ኪስህ አድርገው፣ መግቢያ ላይ ፍተሻ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ክፍያ በዶላር ይቀበላሉ?

መልስ፦ በብር ተነጋገሩ፣ በብር ክፈሉ። ቴሌብር ይበቃል፣ ቤተሰብም ከአዳማ ሆኖ ሊከፍል ይችላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሚኒባስ ላይ መውጣት ይከብዳቸዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጋቢና ለእሳቸው እንዲያዝ በመልእክቱ ላይ ጻፊው፣ ቀድሞ የገባ ወጣት ከተቀመጠበት በኋላ ማስነሳት ይከብዳል። ጋቢናው ግን ከፍ ይላል፣ እግር አንስቶ ለመውጣት ይቸግራል። እኔ መኪናዬ ውስጥ አንዲት የእንጨት በርጩማ አስቀምጬአለሁ። መሬት ላይ አደርጋታለሁ፣ እናቶች በእሷ ረግጠው፣ በአንድ እጃቸው በሩን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዘው ይወጣሉ። የእናንተ ሹፌር ከሌለው ከቤት አንድ በርጩማ ይዛችሁ ሂዱ። ሲወርዱም እሷኑ አውጡላቸው፣ ሰው የሚረሳው ሲወርዱ ነው።