ወርድ ከታደሰ በኋላ የተዘበራረቀ የምዕራፍ ቁጥርን ስለማስተካከል

ሰላም ለሁላችሁ። የተነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሦስት መቶ ገጽ ገደማ ያለው የቴክኒክ መመሪያ በአሮጌ ማይክሮሶፍት ወርድ (የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም) ተሠርቶ በአዲሱ ሲከፈት ምዕራፍ 4 ተመልሶ «ምዕራፍ 1» ሆነ፤ ሥሩ ያሉት ንዑስ ርዕሶች ግን 3.7፣ 3.8 እያሉ ቀጠሉ። አንዳንድ ርዕሶች ፊት ቁጥሩ ጠፍቶ ጥቁር ሳጥን መጣ። በቁጥር አዝራሩ ተስተካክሎ ሴቭ ቢደረግም ፋይሉ እንደገና ሲከፈት ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ያንን የቁጥር አዝራር ይተዉት። ችግሩን የሚያባብሰው እሱ ነው። ርዕሱ ፊት የሚታየው «4» የጽሑፉ አካል አይደለም፤ ወርድ በሰነዱ ውስጥ ለብቻው ካስቀመጠው የቁጥር ዝርዝር ተቆጥሮ የሚመጣ ነው። ማሰሪያው በሁለቱም ወገን ነው። «ሄዲንግ 1» የተባለው ስታይል (በስም የተቀመጠ የርዕስ ቅርጸት) «እኔ የዚህ ዝርዝር 1ኛ ደረጃ ነኝ» ይላል፤ ዝርዝሩም በበኩሉ «1ኛ ደረጃዬ ሄዲንግ 1 ነው» ይላል። ከሁለቱ አንዱ ከተበጠሰ ቆጠራው ይዛባል። ለዓመታት ሲገለበጥ፣ ከሌላ ሰነድ እየተቀዳ ሲለጠፍበት የኖረ ፋይል በውስጡ ብዙ ዝርዝሮች ተጠራቅመውበታል፤ ግማሾቹ ርዕሶች በአንዱ፣ ግማሾቹ በሌላው ይቆጠራሉ። አሮጌው የወርድ ፋይል ዓይነት «ዶክ» ወደ አዲሱ «ዶክኤክስ» ሲቀየር ተሸፍኖ የኖረው መበጣጠስ ይገለጣል። አዝራሩን መጫን ደግሞ በዚያ ክምር ላይ ሌላ ዝርዝር መጨመር ነው።

ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የአንዱን ምዕራፍ ቁጥር ራሱን፣ ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ ሳይሆን፣ በማውዝ አንዴ ጠቅ ያድርጉ። ቁጥሩ ግራጫ ጥላ ይለብሳል፤ በዚያው ዝርዝር፣ በዚያው ደረጃ ያሉ ቁጥሮችም ሁሉ አብረው ግራጫ ይሆናሉ። ገጹን ወደ ታች እያንሸራተቱ ይመልከቱ። ምዕራፍ 1፣ 2 እና 3 ግራጫ ሆነው አራተኛው ነጭ ከሆነ አራተኛው የሌላ ዝርዝር ነው። ከዚያ ጠቋሚውን አራተኛው ርዕስ ላይ አድርገው ሺፍት+ኤፍ1 ይጫኑ። በቀኝ በኩል የሚከፈተው መስኮት ግርጌ ላይ «ዲስቲንጉዊሽ ስታይል ሶርስ» የሚለውን ምልክት ካደረጉበት፣ ቁጥሩ ከስታይሉ የመጣ መሆኑን ወይም በእጅ የተጫነ መሆኑን ለይቶ ያሳያል።

አሁን ወደ ሥራው። የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጡ፤ ቁጥሮቹ ትክክል የነበሩበት የቆየ ፒዲኤፍ ካለ በኋላ ለማመሳከሪያ አጠገብዎ ያድርጉት። በመስኮቱ አናት ባለው የርዕስ አሞሌ ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» (ፋይሉ በአሮጌው ቅርጸት መከፈቱን የሚያሳይ) የሚል ካለ በ«ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ኮንቨርት» በኩል ይቀይሩት። ለውጦችን የሚመዘግበው ትራክ ቼንጅስ ክፍት ከሆነ ለውጦቹን አጽድቀው ይዝጉት፤ የተሰረዘ ግን ገና ያልጸደቀ ርዕስ በቆጠራው ውስጥ ስለሚቆይ ቁጥር የተዘለለ ያስመስላል።

ቀጥሎ ጠቋሚውን በመጀመሪያው ምዕራፍ ርዕስ ላይ አድርገው «ሆም» ላይ ከ«መልቲሌቭል ሊስት» አዝራር ሥር «ዲፋይን ኒው ሊስት ስታይል» የሚለውን ይምረጡ። ከእሱ በላይ «ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት» የሚባል አለ፤ እሱም ይሠራል፣ ነገር ግን ስም የለውምና በኋላ ፈልጎ ማረም ያስቸግራል። ለረጅም ሰነድ ስም ያለውን እመርጣለሁ። «የመመሪያ ምዕራፎች» የመሰለ ስም ይስጡት፤ «ፎርማት»፣ «ነምበሪንግ»፣ ከዚያ «ሞር» ይጫኑ።

በዚህ ሳጥን ውስጥ ዘጠኝ ደረጃዎች አሉ። 1ኛውን መርጠው «ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል» ላይ ሄዲንግ 1ን ያያይዙ። በቁጥሩ ቅርጽ መጻፊያ ውስጥ ግራጫ ሆኖ ከሚታየው 1 በፊት «ምዕራፍ» ብለው ክፍት ቦታ ይተዉ። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ግራጫው 1 ሕያው ቁጥር ነው። አጥፍተው በኪቦርድ 1 ከጻፉ ምዕራፎቹ ሁሉ «ምዕራፍ 1» ይሆናሉ። 2ኛ ደረጃ ላይ ሄዲንግ 2ን ያያይዙ፣ መጻፊያውን ባዶ ያድርጉ፣ «ኢንክሉድ ሌቭል ነምበር ፍሮም» ከሚለው ሌቭል 1ን ይምረጡ፣ ነጥብ ይጻፉ፣ ከዚያ የዚህን ደረጃ የቁጥር ዓይነት ይምረጡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። «ሪስታርት ሊስት አፍተር» ላይ ምልክቱ መኖሩንና ሌቭል 1 መሆኑን ይዩ፤ ይህ ከጠፋ ነው ምዕራፍ 4 ሥር 3.7ን ተከትሎ 4.8 የሚመጣው። 3ኛውም በዚሁ መንገድ። ምዕራፉ በሮማዊ ቁጥር ከሆነና ንዑሱ «IV.2» ሳይሆን «4.2» እንዲሆን ከፈለጉ 2ኛ ደረጃ ላይ «ሊጋል ስታይል ነምበሪንግ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ርዕሱ ከጠርዙ ምን ያህል ገባ እንደሚልም እዚሁ ይወስኑ፤ በኋላ በሩለር (በገጹ አናት ባለው ማስመሪያ) መጎተት ሌላ የእጅ ቅርጸት ይጨምራል።

ዝርዝሩ ተሠራ ማለት ርዕሶቹ ሁሉ ገቡ ማለት አይደለም። በስታይሎች መስኮት ሄዲንግ 1 ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው ሁሉንም የሚመርጠውን «ሰሌክት ኦል» ይምረጡ፣ ከዚያ ኮንትሮል+ኪው ይጫኑ። ይህ በእጅ የተጫነውን የአንቀጽ ቅርጸት አራግፎ ርዕሱን ወደ ስታይሉ ይመልሳል፤ የተሳሳተው ዝርዝርና «ከ1 ጀምር» የሚለው ትእዛዝ አብረው ይወድቃሉ። ለሄዲንግ 2 እና 3 ይድገሙት። ምዕራፍ በአዲስ ገጽ እንዲጀምር ያደረጉት በእጅ ከነበረ እሱም ስለሚጠፋ ቅንብሩን በስታይሉ ውስጥ ያስገቡት። አሁን አንዱን ቁጥር ጠቅ ያድርጉ፤ ምዕራፎቹ ሁሉ ግራጫ መሆን አለባቸው። ከዚህ በኋላ ለማረም ሁልጊዜ በዝርዝሩ ስም ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሞዲፋይ» በማለት ይግቡ እንጂ ከንዑስ ርዕስ ላይ አይጀምሩ።

ለጥቁሩ ሳጥን፦ ጠቋሚውን ከሳጥኑ ቀጥሎ ባለው የርዕሱ ፊደል ፊት ያቁሙ፣ ሳጥኑ ግራጫ እስኪሆን የግራ ቀስቱን ይጫኑ፣ ከዚያ ኮንትሮል+ሺፍት+ኤስ ብለው «ሪአፕላይ» ይጫኑ። የተበላሸው የቁጥሩ የፎንት ቅርጸት ነው እንጂ ቁጥሩ አልጠፋም።

ያስተካከሉት ፋይል ሲከፈት መልሶ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በቴምፕሌቱ (ሰነዱ በተመሠረተበት አብነት) ምክንያት ነው። «ዴቨሎፐር» ላይ «ዶክዩመንት ቴምፕሌት» ሲከፍቱ «አውቶማቲካሊ አፕዴት ዶክዩመንት ስታይልስ» ምልክት ካለበት፣ ሰነዱ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ የአሮጌው ቴምፕሌት ስታይሎች የእርስዎን ይተካሉ። ምልክቱን ያንሱ።

አባሪዎች ካሉ ሌላ ዝርዝር አይፍጠሩ። 7ኛውን ደረጃ ከሄዲንግ 7 ጋር አያይዘው የቁጥሩን ዓይነት ፊደል ያድርጉ፣ 8ኛውን በ7ኛው ላይ ያስከትሉ፤ 7ኛው ላይ «ሪስታርት» የሚለውን ያንሱ። ማውጫው ውስጥ ሄዲንግ 7 እንደ 1ኛ ደረጃ እንዲገባ በማውጫው «ኦፕሽንስ» ያስተካክሉ።

የቀሩት ማጣቀሻዎቹ ናቸው። «ምዕራፍ 4ን ይመልከቱ» የሚለው ማጣቀሻ ርዕሱ ላይ ካለ ስውር ቡክማርክ (የቦታ ምልክት) ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ የተበላሸውን ርዕስ ሰርዞ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም፣ ይጎዳልም፤ ቡክማርኩ አብሮ ከጠፋ ማጣቀሻው «ኤረር» ይላል። እንደ «ስዕል 4-2» ያሉት መግለጫዎችም የምዕራፉን ቁጥር የሚወስዱት ከሄዲንግ 1 ነውና ዝርዝሩ ሳይስተካከል እነሱን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። መጨረሻ ላይ ኮንትሮል+ኤ፣ ኤፍ9። ማውጫው ሲረዝም ገጾች ስለሚገፉ ኤፍ9ን ሁለት ጊዜ ይጫኑ። ይህ ራስጌና ግርጌን፣ የግርጌ ማስታወሻንና የጽሑፍ ሳጥንን አይነካም፤ እነዚህ ውስጥ ገብተው ለየብቻ ማደስ ያስፈልጋል። ከዚያ «ኤረር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ከቃለ አጋኖ ጋር (Error!) ፈልገው የተገኘውን አንድ በአንድ ያስሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ሁለት ርዕስ አሁንም ካስቸገረ፣ ከመጨረሻው የአንቀጽ ምልክት (¶) በስተቀር ሁሉንም መርጠው ወደ አዲስ ባዶ ሰነድ ይቅዱ። የተበላሸ ሰነድ ጣጣ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በዚያ የመጨረሻ ምልክት ውስጥ ነው። የመጨረሻው ክፍል የገጽ ቅንብርና ራስጌ ግን እዚያው ስለሚቀር በአዲሱ ላይ እንደገና ማዋቀር ይኖርብዎታል።