ከቆዳ ጋር ስለሚለበስ ልብስ፦ ጥያቄና መልስ

ብርድና ሙቀት በሚፈራረቁበት ስፍራ ለሚያድኑና በእግር ለሚጓዙ ሰዎች ከውስጥ ምን መልበስ እንደሚገባ የማኅበራችን የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ አባላት ጠይቀዋል። መልሱን የሰጡት ተራራ ለሚወጡ ቡድኖች ለረጅም ጊዜ መንገድ ሲመሩ የኖሩት አባላችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር በረዳትነት ለደጋ አጋዘን አደን ወደ ባሌ ልሄድ ነው። ንጋት ላይ ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደሚያጋጥም ነግረውኛል። ከውስጥ ምን ልልበስ?

መልስ፦ የትና ለምን እንደምትሄድ፣ አየሩም ምን እንደሚመስል ስለነገርኸኝ በደስታ እመልሳለሁ። የደጋ አጋዘን የሚገኝበት አገር ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ካሰብህ፣ 1,800 ሜትር ላይ ካለችው ባሕር ዳር የለመድኸውን ልብስ ይዘህ መሄድ እንደማይበጅህ ይገባሃል። ዋናው ችግር ግን ብርዱ ሳይሆን ላቡ ነው። መንገደኛ ሲሄድ ይሞቀዋል፣ ሲደርስም ቤት ይገባል፤ አዳኝ ግን ዳገቱን በላብ ተጠምቆ ከወጣ በኋላ አውሬው እስኪወጣ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ ላብ የጠጣ የጥጥ ካናቴራ ከጀርባህ ጋር ተጣብቆ ሙቀትህን ሲመጥጥ ይውላል።

ስለዚህ ከቆዳህ ጋር የሚነካው በካሬ ሜትር 150 ግራም ገደማ የሚመዝን ቀጭን የመሪኖ ሱፍ (መሪኖ ከሚባለው ጸጉሩ ቀጭን ከሆነ በግ የሚገኝ) ይሁን፤ ለመቀመጫው ሰዓት ደግሞ 200 ወይም 250 ግራም የሆነ ሁለተኛ ያዝ። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ የሚያህል እርጥበት ስቦ እንኳ በቆዳ ላይ እርጥብ ሆኖ አይሰማም። ፖሊስተር በበኩሉ ክሩ ውኃ ስለማይጠጣ ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን የሰውነትን ቅባት አጥብቆ ስለሚይዝ በሁለተኛው ቀን ይሸታል። ነፋሱ ወደ አጋዘኑ የሚነፍስ ከሆነ ያ ሽታ ቀድሞህ ይደርሳል።

አለባበሱንም ልንገርህ። ከዳገቱ ግርጌ ሹራብህን አውልቀህ ትንሽ እየበረደህ ጀምር። ከላይ ስትደርስ ከነፋስ ተከልለህ እርጥቡን አውልቅ፤ ጀርባህንና ብብትህን በጨርቅ ጥረግ፤ በላስቲክ ጠቅልለህ የያዝኸውን ደረቅ ልበስ፤ ከዚያ ተቀመጥ። ጃኬቱን በእርጥብ ካናቴራ ላይ ደርቦ «ብርዱ አጥንቴ ገባ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ላብህን ሳታደርቅ አትቀመጥ።

ጥያቄ፦ ከሁሉም ምርጡ የትኛው ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ቦታ? ለየትኛው ወር? ለሚሄድ ነው ወይስ ለሚቀመጥ? እነዚህን ሳትጽፍ ልመልስልህ አልችልም።

ጥያቄ፦ በታኅሣሥና በጥር ወፍ ለማየት ከንጋቱ 11 ሰዓት ከዘጌ በጀልባ እነሳለሁ። ሱፍ ያስፈልገኛልን?

መልስ፦ አያስፈልግሽም። ሐይቁ ላይ ንጋቱ ቢቀዘቅዝም ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ይከብዳል፤ በጀልባም ስለማታልቢ ቀጭን ፖሊስተርና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይበቃሻል።

የባሕር ዳሩ አባል፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባቶቻችን በጥጥ ጋቢ ደጋውን ሁሉ አልዞሩትምን? ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባላት ከተማ ተቀምጠን ጥጥን ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም።

የደብረ ታቦሩ አባል፦ አባቶቻችን ያልከው የቆላውን ከሆነ እስማማለሁ። የደጋው ሰው በርኖስ የሚደርበው፣ እረኛውም በክረምት ገሳ የሚለብሰው ለምን ይመስልሃል? ጉና ተራራ ሥር ጋቢውን አርጥቦ ያደረ ሰው ጥጥ አያሞግስም።

የባሕር ዳሩ አባል፦ በርኖስ ግን ከቆዳ ጋር አይለበስም፤ ያሳክካል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለ ላይ ልብስ ነው የምትከራከሩት፤ ጥያቄው ስለ ውስጥ ልብስ ነው። ጋቢ ላላላበውና ለተቀመጠ ሰው ከምንም ይበልጣል፤ እኔም ማታ እሳት ዳር እለብሰዋለሁ። በርኖስ የሚያሳክከው ክሩ ወፍራም ስለሆነ ነው፤ የመሪኖ ክር ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) በታች ስለሚቀጥን ቆዳ ሲነካው ይተጣጠፋል እንጂ አይወጋም። የፋብሪካው ክብር እንደተጠበቀ ይሁንና፣ ዳገት ለሚወጣ ሰው ጥጥ ከቆዳ ጋር አይነካም።

ጥያቄ፦ መሪኖ በእኛ ገበያ ከየት ይገኛል? ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ውስጥ ባገኝስ በምን አውቀዋለሁ?

መልስ፦ ሰልባጅ ውስጥ ይገኛል፤ ግን በአንገቱ ወይም በጎኑ ስፌት ላይ ያለውን መለያ ሳታነብ አትግዛ። «ቴርማል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ግማሽ በግማሽ ጥጥ የሆነ ቴርማል ብዙ አለ። መለያው ተቆርጦ ከሆነ ሻጩን አስፈቅደህ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ምዘዝና በክብሪት ለኩሰው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድዳል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ድብልቅ ከሆነ ምልክቱም ይደባለቃል። ልኩ ደግሞ ከገላህ ጋር የሚገጥም ይሁን፤ ቆዳ የማይነካ ጨርቅ ላብ አይስብም።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ዳክዬ ለማደን የሚሆነውስ?

መልስ፦ ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮው የሚጠበቅበት አካባቢ) ነው። ልብስ ከመምረጥህ በፊት ስለ ፈቃድ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ። ያለ ፈቃድ ለሚያድን ሰው ልብስ አልመርጥም።

ጥያቄ፦ ስለዚህ በአጭሩ ምርጡ የቱ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። መለያውን አንብቡ፤ ላባችሁን ሳታደርቁ አትቀመጡ።

ጥያቄ፦ ለእግርስ ታይት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለሚቀመጥ አዎ፣ ለሚሄድ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ መሪኖውን አንድ ጊዜ ባጥበው ለልጅ ሆነ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ በሙቅ ውኃ አሽተሽው ይሆናል፤ ሱፍ ሙቀትና ፍትጊያ ሲያገኘው ክሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይኮማተራል። ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና እየተጫንሽ እጠቢው፤ ሳትጠመዝዢ በፎጣ ጠቅልለሽ ጭመቂው፤ ጥላ ውስጥ ዘርግተሽ አድርቂው። በረኪና ሱፍን ይበላዋል። ጨርቅ የሚያለሰልሰው ፈሳሽም ክሩን ስለሚሸፍነው ፖሊስተሩ ላይ ጭምር አትጨምሪው። ያጠረው ግን አይመለስም፤ ለልጅ ስጪው።