ከከተማ ርቆ የሚኖር ቤተሰብ የተፈጥሮ አደጋን እንዴት ይጠብቅ? ጥያቄና መልስ

በገጠር ለሚኖሩ ቤተሰቦች የአደጋ ዝግጁነት ሥልጠና መስጠት ሥራዬ ነው። የተላኩልኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። በአንዳንዶቹ ላይ ረዘም ብዬ ብቆይ ታገሡኝ፤ ሰው የሚሞተው በእነዚያ ነጥቦች ላይ ስለሆነ ነው።

የምንኖርበት ቦታ ለየትኛው አደጋ እንደሚጋለጥ በምን እናውቃለን?

መሬቱን በማየትና አዛውንቶችን በመጠየቅ። ወንዝ ዳር ባሉ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ የደረቀ ሣርና ጭራሮ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ውሃው እስከዚያ ከፍታ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ገደላማው ሸለቆ አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት ቦታ ድንጋይና አሸዋ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ከሆነ፣ ያንን ያመጣው ደራሽ ጎርፍ ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ለጥ ያለ ስለሆነ ለቤት መሥሪያ ያጓጓል፤ ጎርፉ ግን መንገዱን አይረሳም።

“የመቶ ዓመት ጎርፍ” ሲባል ብዙ ሰው በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ትርጉሙ በእያንዳንዱ ዓመት የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። በዚያ ቦታ 30 ዓመት ለኖረ ቤተሰብ ዕድሉ ወደ 26 በመቶ ያድጋል። ባለፈው ዓመት መጥቶ ነበርና ዘንድሮ አይመጣም ብላችሁ አትዘናጉ።

ቤታችን ተዳፋት ሥር ነው። ዝናቡ ሲከብድ እኔ እንውጣ እላለሁ፤ ባለቤቴ “ትንሽ እንጠብቅ” ይለኛል። ማን ትክክል ነው?

እርስዎ ነዎት፤ ነገር ግን ትልቁ ችግር ክርክሩ በዝናብ መካከል፣ በጨለማ መካሄዱ ነው። ውሳኔው ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት፣ ሁላችሁም ተረጋግታችሁ ተቀምጣችሁ የሚወሰን ነው። የምታዩትን ምልክት ምረጡ፤ ያ ምልክት ሲታይ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ይወጣል። በሥልጠና ላይ ሰዎች ስለ ባትሪና ስለ ገመድ ብዙ ይጠይቁኛል። እኔ ግን ከዕቃው ሁሉ ይህችን ስምምነት አስቀድማለሁ።

ለተዳፋት መሬት ምልክቶቹ የሚታዩ ናቸው። ከቤቱ በላይ ባለው መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ይወጣል፤ ደረቅ በነበረ ቦታ ውሃ ይመነጫል፤ የጠራ ምንጭ በድንገት ይደፈርሳል፤ አጥርና ምሰሶ ያዘነብላል፤ ትናንት በቀላሉ ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ አልገጥም ይላል። ከሁሉም በላይ የምፈራው ዝናቡ ሳያባራ የወንዙ ውሃ በድንገት ሲጎድል ነው። ላይኛው ክፍል ላይ ናዳ ወንዙን ዘግቶት ሊሆን ይችላልና ያ ግድብ ሲፈርስ ውሃው አንድ ላይ ይወርዳል። ስትወጡ ወደ ታች በሸለቆው አትሩጡ፤ ከናዳው መንገድ ወደ ጎን ውጡና ወደ ከፍታ ሂዱ።

ባለቤትዎ ወጥተን ምንም ባይፈጠርስ ካሉ፣ የጠፋው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው ይበሏቸው።

የጎረቤት ቤት በናዳ ቢቀበር ሁላችንም ሮጠን መቆፈር የለብንም?

ይህን ስመልስ ልቤ ይከብዳል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤቶች ለማዳን ተሯርጠው በመቆፈር ላይ ሳሉ ዳግመኛ የተንሸራተተው መሬት እነርሱንም ደፈናቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሞቱት ደጎች፣ ለወገን የደረሱ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ አትርዱ አልልም፤ በሥርዓት እርዱ እላለሁ። ከመቆፈር በፊት አንድ ዓይነ ጥሩ ሰው ፊሽካ ይዞ ከጎን፣ አስተማማኝ ቦታ ላይ ይቁምና ተዳፋቱን ብቻ ይመልከት። መሬቱ ሲንቀሳቀስ ካየ ይነፋል፤ ሁሉም አካፋውን ጥሎ አስቀድሞ ወደተስማሙበት ጎን ይሮጣል። የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ፤ ሌላው ሕዝብ ርቆ ይቁም። በየመሃሉ ሁሉም ዝም ብሎ ከሥር ድምፅ መኖሩን ያዳምጥ። ማን ቤት ውስጥ እንደነበረ፣ ማን እንዳልነበረ በቶሎ ከቤተሰቡ አጣሩ፤ የሌለን ሰው ፍለጋ ሕይወት መክፈል የለበትም።

ውሃው ጉልበት ባይደርስም እንኳ አትሻገሩ ይባላል። እውነት ያን ያህል ያሰጋል?

አዎን። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ጠልቆ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትናንሽ መኪናዎችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ጠርጎ ይወስዳል። ደፍርሷልና ከሥሩ መንገዱ ይኑር ወይም ተቦርቡሮ ይሂድ አይታይም። ደራሽ ጎርፍ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል። ማዶ ሆኖ መጠበቅ ይሻላል።

ምን ያህል ውሃ እናስቀምጥ? ውሃው ከተበከለስ?

ለመጠጥና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ያዙ። የተለመደው ምክር የሦስት ቀን ነው። መግቢያ መንገዳችሁ አንድ ድልድይ ብቻ ከሆነ ግን የሁለት ሳምንት ብታስቀምጡ ደስ ይለኛል፤ ድልድይ ሲፈርስ በሦስት ቀን አይጠገንም።

የተጠራጠራችሁትን ውሃ አጥልላችሁ ለ1 ደቂቃ አንተክትኩት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ለምትኖሩ 3 ደቂቃ። ማገዶ ከሌለ፣ ሽታ ወይም ሌላ ማጽጃ ያልተቀላቀለበትና ከ5 እስከ 6 በመቶ ክሎሪን ያለው ተራ በረኪና ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ አድርጋችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ነዳጅ ወይም ፀረ ተባይ የገባበትን ውሃ ግን ማፍላትም በረኪናም አያድነውም፤ ድፉት።

አባቴ አይራመዱም፤ በየቀኑም ኢንሱሊን ይወስዳሉ። ለእሳቸው ምን ላድርግ?

የእርስዎ ቤት የመውጫ ምልክት ከጎረቤቶችዎ ቀደም ያለ ይሁን። ጎረቤቱ ስንጥቅ ሲያይ ይወጣ ከሆነ፣ እናንተ ገና ከባድ የዝናብ ማስጠንቀቂያ ሲነገር ውጡ። አባትዎን ማን ተሸክሞ እንደሚያወጣ ሁለት ሰው በስም ይመድቡ፤ አንዱ ሊታጣ ይችላል። አንድ ቀን በደረቅ ወቅት በቃሬዛ ወይም በወንበር አንሥታችሁ እስከ መሸሸጊያው ድረስ ሂዱ። በሩ ጠባብ መሆኑን፣ ደረጃው መሰበሩን የምታውቁት ያኔ ነው።

ኢንሱሊኑን በተመለከተ የተጨማሪ ሳምንት መጠን እንዲሰጥዎ ሐኪሙን ይጠይቁ። ማቀዝቀዣ ቢጠፋ የሸክላ ማሰሮ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ አስቀምጦ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ መድኃኒቱ ግን ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቅለል። ከበረዶ ጋር አያነካኩት፤ አንዴ በረዶ ሆኖ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈው ከአባትዎ ልብስ ኪስ ውስጥ ያኑሩ።

ከብቶቹን ትተን እንዴት እንሄዳለን?

ጥያቄው የኑሮ ጥያቄ ስለሆነ አልቆጣም። ጊዜ ካለ አስቀድማችሁ ወደ ከፍታ ንዷቸው። ጊዜ ከሌለ ገመዳቸውን ፍቱ፣ በረቱን ክፈቱ። ታስረው የቀሩ እንስሳት ይሰምጣሉ፤ የተለቀቁት ራሳቸውን የማዳን ዕድል አላቸው።

ሰደድ እሳት ሲመጣ ቤቴን ቆሜ ልከላከል?

አይቻልም ብዬ ነው የምጀምረው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 በካሊፎርኒያ ፓራዳይዝ የተባለችው ከተማ ስትቃጠል 85 ሰዎች ሞቱ፤ ጥቂቶቹ መውጫ መንገዶች በመኪና ተጨናንቀው ነበር። ቀድሞ መውጣት ብቻውን ያድናል። ቤቱን የምትከላከሉት እሳቱ ከመምጣቱ ወራት አስቀድሞ ነው። ከግድግዳው ጀምሮ 1.5 ሜትር ያህል የሚቃጠል ነገር አይኑር፤ የማገዶ ክምር ከቤት 10 ሜትር ይራቅ፤ የደረቀ ቅጠል ከጣሪያና ከአሸንዳ ላይ ይጠረግ። ብዙ ቤት የሚያያዘው በነፋስ በሚበር ፍም ነው።

መሬት ሲንቀጠቀጥ እንሩጥ ወይስ ጠረጴዛ ሥር እንግባ?

እንደ ቤቱ ነው። በደንብ በተሠራ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ዝቅ ብላችሁ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ፣ እግሩን ይዛችሁ ቆዩ። በጭቃ ጡብና በከባድ ጣሪያ የተሠራ ቤት ምድር ቤት፣ በር አጠገብ ከሆናችሁ ግን በፍጥነት ወደ ገላጣ ቦታ መውጣት ይሻላል።

መብረቅስ?

ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከተሰማ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ ዝግ መኪና ውስጥ ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የተመታ ሰው ኤሌክትሪክ አይዝም፤ ያለ ሥጋት ንኩት፣ ትንፋሽ ከሌለው ወዲያውኑ ደረቱን መጫን ጀምሩ።

የሞባይል ኔትወርክ ስለሌለን ማስጠንቀቂያ አይደርሰንም።

እ.ኤ.አ. በ1970 የዛሬዋ ባንግላዴሽ ላይ በደረሰው አውሎ ነፋስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ድምፅ ማጉያና ባንዲራ የያዙ ፈቃደኞች ተደራጁ፤ መሸሸጊያዎች ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቀድመው ከሥጋት ቦታ ወጡ፤ በባንግላዴሽ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። በእናንተም መንደር በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት፣ ደወል ወይም ጥሩምባ ያለው አንድ ቤት ይመረጥ። የላይኛው መንደር ወንዙ ሲሞላ ለታችኛው መንደር ድምፅ እንዲያሰማ ተነጋገሩ፤ ድምፁ መድረሱንም ነፋስ ባለበት ቀን ሞክሩ።

ጎርፉ ከሄደ በኋላ ቤት ስንመለስ ምን እንጠንቀቅ?

በቀን ግቡ። ግድግዳው ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ አትግቡ። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ አትቅረቡ። ዕቃ ስታነሱ በእንጨት ገልብጡ፤ እባብ ከጎርፍ ሸሽቶ ቤት ይገባል። ጄኔሬተር ካላችሁ ከቤት ውጪ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር አርቃችሁ አስነሡ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለው የተኛን ቤተሰብ በእንቅልፉ ይገድላል። የጉድጓዱ ውሃ ተቀድቶ፣ በክሎሪን ታክሞ እስኪመረመር ድረስ ከዚያ አትጠጡ።