«ቢጠፋስ?» ብላችሁ ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

የጨጓራና የአንጀት በሽታ ሳክምና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬም ምርምር ልትጀምሩ ያሰባችሁ ልጆች ብቅ እያላችሁ «የጨጓራ ካንሰር የሚያመጣው የትኛው ሆርሞን ነው?» ትሉኛላችሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም። በምትኩ ሌላ ጠይቁ፦ ይህ ሆርሞን ቢጠፋ ሕዋሱ ምን ይሆናል?

ጋስትሪንን እንውሰድ። እንግሊዛዊው ጆን ኤድኪንስ እ.ኤ.አ. በ1905 ከጨጓራ የታችኛው ክፍል የሚወጣ፣ አሲድ የሚያስመነጭ ሆርሞን አለ ብሎ ነበር። በኋላ ሂስታሚን የተባለው የሰውነት ኬሚካልም አሲድ እንደሚያስመነጭ ሲታወቅ፣ «ኤድኪንስ ያየው ሂስታሚንን ነው» ተባለና ነገሩ ተረሳ። ተመራማሪዎቹ ግሪጎሪና ትሬሲ ሊቨርፑል ውስጥ ጋስትሪንን አጥርተው ያወጡት በ1964 ነው፤ ኤድኪንስ ከሞተ ቆይቷል። ደስ የሚለኝ ግን ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። ጋስትሪን ኢ.ሲ.ኤል. የሚባሉትን የጨጓራ ሕዋሳት ይቀሰቅሳል፤ እነሱ ሂስታሚን ይለቃሉ፤ አሲድ አመንጪዎቹን ሥራ የሚያስጀምራቸው በዋናነት ያ ሂስታሚን ነው። አሲዱ ሲበዛ ደግሞ ሶማቶስታቲን የተባለ ሌላ ሆርሞን ጋስትሪንን ይገታዋል።

ለፈተና ይህን ያህል ይበቃችሁ ይሆናል። ጋስትሪን ግን ሕዋሳትን ያባዛልም። ፐርኒሺየስ አኒሚያ የተባለው የደም ማነስ ያለበት ሰው አሲድ አመንጪ ሕዋሳቱን የገዛ ራሱ የመከላከያ ኃይል ያጠፋበታል። አሲድ ሲጠፋ ጋስትሪንን የሚገታው ይላላል፤ ሆርሞኑ ለዓመታት ደሙ ውስጥ ከፍ ብሎ ይኖራል፤ ኢ.ሲ.ኤል. ሕዋሳት ይበዛሉ፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ትናንሽ ዕጢዎች ይወጣሉ። ጋስትሪን የሚያመነጨው የታችኛው የጨጓራ ክፍል በቀዶ ሕክምና ሲወገድ፣ ከእነዚህ ዕጢዎች ብዙዎቹ ይከስማሉ። እኔ ማስረጃ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ዕጢው ግን ከተለመደው የጨጓራ ካንሰር የተለየ ነውና አታደባልቁ።

የተለመደው ካንሰር ዋና መነሻ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ይህ ባክቴሪያ ጋስትሪንን ከፍ ያደርጋል። ካግ-ኤ የተባለ ፕሮቲኑንም ሕዋሱ ውስጥ እንደ መርፌ ወግቶ ያስገባና የዕድገት ትእዛዝ የሚተላለፍበትን መስመር ማንም ሳያዝዝ ያንቀሳቅሳል። ባክቴሪያውን በመድኃኒት ማጥፋት የካንሰሩን ዕድል ይቀንሳል፤ በተለይ የጨጓራው ግድግዳ ሳይሳሳ ከተደረሰ።

ሕዋስ እንዲያድግና እንዲባዛ ወደሚያዝዙት ፕሮቲኖች፣ ወደ ዕድገት አነቃቂዎቹ፣ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ስታንሊ ኮኸንን በ1986 ለኖቤል ያበቃው ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለው ዕድገት አነቃቂ ምራቃችን ውስጥ አለ፤ የተላጠ የጨጓራ ግድግዳ እንዲጠገን ያግዛል። ሕዋሱ ላይ ሆኖ ትእዛዙን የሚቀበልለት ተቀባይ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. እና የቅርብ ዘመዱ ኸር-ቱ በጨጓራ ካንሰር ሕዋሳት ላይ ሊበዙ ይችላሉ። ታዲያ ሁለቱንም መዝጋት ነዋ! በ2010 በታተመ ሙከራ፣ ዕጢያቸው ኸር-ቱ የበዛበት ታካሚዎች ኬሞቴራፒው ላይ ኸር-ቱን የሚዘጋው ትራስቱዙማብ ሲጨመርላቸው በሕይወት የቆዩበት አማካይ ጊዜ ከ11.1 ወደ 13.8 ወር ከፍ አለ። ሦስት ወር አይሞላም ብላችሁ አትናቁት። በ2013 የኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ተራ ደረሰ። እሱን ከሚዘጉት ሁለት መድኃኒቶች ሴቱክሲማብ ምንም አልጠቀመም። ፓኒቱሙማብ የተጨመረላቸው ደግሞ በሕይወት የቆዩበት አማካይ ጊዜ 8.8 ወር ሲሆን፣ ያልተጨመረላቸው 11.3 ወር ኖሩ። ታካሚዎቹ እንደ ኸር-ቱው በዕጢያቸው ዓይነት ተመርምረው የተመረጡ አልነበሩም። ስለዚህ «ተቀባዩ በዝቶ ተገኘ» የሚል ጥናት ስታነቡ አትቸኩሉ፤ ሲዘጋ ምን እንደሆነ የሚናገረውን ገጽ ፈልጉ።

ይህ ጥያቄ ክሊኒክም ውስጥ ይሠራል። አገራችን ውስጥ «ጨጓራ አለብኝ» ብሎ ኦሜፕራዞል ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ለዓመታት የሚውጥ ስንት ሰው አለ! ክኒኑ አሲድ ሲቀንስ ጋስትሪን ይጨምራል። ሰውየው በድንገት ሲያቆም አሲዱ ከበፊቱ በርትቶ ሊመለስበት ይችላል፤ እሱ ግን በሽታው ያገረሸበት ይመስለውና ሌላ ፓኬት ይገዛል። ይህን አስረዱት፤ ቀስ በቀስ እንዲቀንስም እርዱት። ክብደቱ ከቀነሰ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ሰገራው ከጠቆረ ግን ስለ ክኒን መነጋገሩ ይቆይ፤ ቶሎ ኢንዶስኮፒ እንዲታይ ላኩት።